ሠላሳ አፍ፣ አንድ ምላስ

ኃይለሚካኤልን ሞቶ ያገኙት ዓርብ ማለዳ ውሃ ሊቀዱ የወረዱ ሴቶች ናቸው። ከምንጩ በታች፣ ከድንጋዮቹ መካከል በደረቱ ተደፍቶ ነበር፤ ማጅራቱ ተፈንክቶ ደሙ ረግቷል። በደጉ ዘመን ቢሆን መንደራቸው አፋፍ ሚካኤል በጩኸት ትናጋ ነበር። ያን ዓመት ግን አንዲት ሴት እንኳ አልጮኸችም። እንስራቸውን አስቀምጠው፣ ነጠላቸውን አዘቅዝቀው ጥቂት ቆሙ። ከዚያ አንደኛዋ «እንግዲህ ሚስቱን ንገሯት» አለች፤ ሌላይቱ ጎንበስ ብላ ውሃዋን ቀዳች።

ዘመኑ ፲፰፻፹፩ ዓመተ ምሕረት ነው፤ ከብት ያለቀበት ዓመት። ከደብረ ብርሃን ሜዳ እስከ አንኮበር አፋፍ ድረስ ሬሳ ያልተጋደመበት ግጦሽ አልነበረም። ሰው መጀመሪያ አለቀሰ፣ ተሳለ፣ ምሕላ ያዘ። ኋላ እንባውም ስለቱም አለቀበትና ዝም አለ። ከትንሣኤ ወዲህ አፋፍ ሚካኤል ውስጥ ጮክ ብሎ የሚናገር ሰው ማግኘት ቸግሮ ነበር።

ቢሆንም ገዳዩ ቀትር ሳይሆን ተገኘ፤ ማለቴ ሰው ሁሉ ገዳይ ያለው ሰው ተገኘ። ዓብዱ ይባላል፣ የአልዩ አምባ ጨው ነጋዴ ነው። ሐሙስ ዕለት ጨው ሲሸጥ ውሎ፣ ከመንደሩ ጫፍ ባለ ሰው በሌለበት ጎጆ አድሮ፣ ሳይነጋ በቅሎውን ጭኖ ቁልቁለቱን ጀመረ። ሮጠው ደረሱበት። የኃይለሚካኤል በሬ ቦራም ከዚያው ማታ ጀምሮ ጠፍቷልና «በሬውን የት አደረስከው?» አሉት። ከበቅሎው ላይ ገብስ እንጂ በሬ አልተገኘም። «ለግብረ አበሩ አሳልፎታል» ተባለና ነገሩ ተዘጋ። እንደ አገሩ ወግ የሟቹ ታናሽ ወንድም ደምመላሽ ከሳሽ ሆኖ ቀረበ። የእሱ ግራ እጅና የዓብዱ ቀኝ እጅ በአንድ ሰንሰለት ተቆራኘ፤ ፍርድ እስኪሰጥ አብረው ሊበሉ፣ አብረው ሊተኙ፣ አብረው ሜዳ ሊወጡ።

ቅዳሜ ዕለት አጣሪው ባሻ ወልደተንሣኤ ከአንኮበር መጣ። ባሻ ዕድሜውን የፈጀው ከዳኞቹ፣ ከወምበሮች እግር ሥር ተቀምጦ ተሟጋች ሲከራከር በመስማት ነው። ሌላው ሰው የተሟጋቹን ድምፅና አማርኛ ሲያደንቅ፣ እሱ አንዱ ቃል ከሌላው ጋር የተጋጠመበትን ቦታ ይፈልጋል፤ እዚያ ላይ ከላላ ቤቱ ሁሉ ይላላል ይላል። ያን ዓመት ግን ባሻም ደህና አልነበረም። ደብረ ብርሃን የነበሩት ከብቶቹ አንድ ሳይቀሩ አልቀዋል፤ የካቲት ላይ ደግሞ ሚስቱ ብርሃነሽ ታማ ሞተችበት። በቀብሯ ላይ አላለቀሰም። ከዚያ ወዲህ የበላው አይጣፍጠውም፣ የሰማው አያስደነግጠውም። እግሩ ይሄዳል፣ አፉ ይጠይቃል፤ እሱ ራሱ የት እንዳለ ግን አያውቀውም ነበር።

የመንደሩ ጭቃ ሹም ይሁኔ ደጁ ድረስ ወጥቶ ተቀበለው።

«ነገሩ ያለቀ ነው ባሻ። ሠላሳ ሰው ይመሰክራል። እርስዎ ይዘውት መሄድ ብቻ ነው፤ ረቡዕ ወምበሮቹ ይፈርዳሉ፣ ደምመላሽም የወንድሙን ደም ይመልሳል።»

«ሠላሳ ሰው አየ?»

«ሠላሳ ሰው ያውቃል።»

«ሳያይ በምን አወቀ?»

«በምን ማለት! ይህ ሰው ከቆላ መመላለስ ከጀመረ ወዲህ አይደለም እንዴ ከብታችን ያለቀው?»

«ዶሮ ከጮኸ በኋላ ይነጋል። ታዲያ ያነጋው ዶሮው ነው?»

ይሁኔ ቀለደ መስሎት ሳቀ። የባሻን ፊት አየና ሳቁን ዋጠ።

«ለመሆኑ ስንት በሬ ቀርቷችኋል?» አለ ባሻ።

«ጥንድ የቀረው ሰው የለም። አንድ አንድ በሬ የተረፋቸው ናቸው፤ ሁለት ሁለት ሆነው በሬያቸውን በአንድ ቀንበር እየጠመዱ፣ መቀናጆ ገብተው፣ እየተፈራረቁ ያርሳሉ። ኃይለሚካኤል ቦራን ከጎረቤቱ ከወርቅአገኘሁ በሬ ከዳልቻ ጋር ነበር የሚጠምደው። በሽታው ተመልሶ እንዳይገባ ደግሞ በሚካኤል ፊት ተማምለናል። በሬው የታመመበት ሰው ሳይደብቅ ይናገራል፤ የታመመውም አብሮት የተጠመደውም ገደል ይገባሉ። እስካሁን ማንም አልተናገረም፤ እግዜር ይመስገን።»

---

ደምመላሽና ዓብዱ ከይሁኔ ቤት ጓሮ፣ ከክምሩ ሥር ተቀምጠው ነበር። ባሻ ሲደርስ ዓብዱ ለሶላት ተነሣ። ደምመላሽ እያጉረመረመ አብሮት ተነሣ። ዓብዱ ሲያጎነብስ ሰንሰለቱ ስቦት አብሮ ያጎነብሳል፤ ዓብዱ ግንባሩን መሬት ሲያስነካ ደምመላሽ በክርኑ ተደፍቶ ሰማዩን ይሰድባል። በአጥሩ ያለፈ አንድ ገበሬ «ደምመላሽ፣ ሰለምክ እንዴ?» አለው። በሌላ ዘመን መንደሩን ሁሉ የሚያስቅ ቀልድ ነበር። ተናጋሪው ራሱ ሳይስቅ አለፈ።

«ወላሂ ባሻ፣ አልገደልኩትም» አለ ዓብዱ ሶላቱን ሲጨርስ። «ኃይለሚካኤል የአባቴም ደንበኛ ነበር። ሐሙስ ዕለት እርሻው ላይ አንድ አሞሌ ሸጥኩለት፣ ደህና ዋል ተባብለን ተለያየን። አልዩ አምባ ሚስትና ልጆች አሉኝ። ሰው ገድዬ በማን አገር ልነግድ ነው?»

«አሞሌው ከሬሳው አጠገብ ተገኝቷል!» አለ ደምመላሽ።

«ጨው የገዛ ሰው ጨው ይዞ ይገኛል» አለ ባሻ። «ሌላስ?»

«ካልገደለ ለምን ሌሊት ሸሸ?»

«የዓርብ ገበያ እንዳያልፈኝ ነዋ! ሁልጊዜም የምወጣው በዚያ ሰዓት ነው።»

ባሻ ወደ ደምመላሽ ዞረ። «ሄደ ነው ወይስ ሸሸ? አስቀድመህ ገዳይ ካልከው መራመዱ ሽሽት ይሆናል። ቢቀመጥ ኖሮ ደግሞ ‹ዓይኑን በጨው ያጠበ› ትለው ነበር። ሰውዬው ምን ቢያደርግ ነው ንጹሕ የሚሆነው?»

«ያን ማታ የት እንደነበረ ምስክር ያምጣ!»

«አንተስ የት ነበርክ?»

ደምመላሽ ቀላ። ባሻ ይህን የጠየቀው እንዲያው ለነገር አልነበረም። ወንድማማቾቹ በእርሻ ድንበር ተጣልተው ከዐቢይ ጾም ወዲህ እንዳልተነጋገሩ ከይሁኔ አፍ ሳያስበው አምልጦ ነበር።

«አንኮበር፣ አማቼ ቤት» አለ ደምመላሽ። ድምፁ ወረደ። «ሰርግ ነበር። ከእሱ ጋር ሳልታረቅ ቀረሁ ባሻ። ሰው ሁሉ ይህ ነው ካለኝ ሌላ ምን ላድርግ?»

ባሻ ወደ አንኮበር ሰው ላከ። መልሱ በማግሥቱ መጣ፤ ደምመላሽ ከሙሽራው ጋር ሲጨፍር አድሯል፣ ያዩት ሰዎች በየስማቸው ተናገሩ። ስለዚህ ደምመላሽ ገዳይ አልነበረም፤ ኩርፊያው ሳይበርድ ወንድሙ የሞተበት ሰው ነበር፣ ያም ይበቃዋል።

---

እሑድ ከቅዳሴ በኋላ አውጫጭኝ ተባለ። የመንደሩ ወንድ ሁሉ ከቤተ ክርስቲያኑ ደጅ፣ ከወይራው ሥር ተሰበሰበ። በዚህ ወግ ወንጀለኛው እስኪወጣ ድረስ ማንም ወደ ቤቱ አይሄድም፤ እህል ውሃም አይቀምስም። ነገሩ እውነትን ለማውጣት የታሰበ ነው። የራበው ሰው ግን እውነትን ሳይሆን ምሳውን እንደሚፈልግ ባሻ ከብዙ አውጫጭኝ ተምሯል።

አንድ በአንድ እየተነሡ ማሉ። «ዓብዱ ነው።» «ዓብዱ ነው።» «ሌላ ማን ይሆናል? ዓብዱ ነው።»

«አየህ ወይስ ሰማህ?» ይላል ባሻ።

«ሰማሁ።»

«ከማን?»

«ከሰው።»

«ሰውየው ስም የለውም?»

እንዲህ እያለ ለያንዳንዱ ወሬ አባት ጠየቀለት። ከሠላሳው ምስክር አንድም ያየ የለም። ግማሹ ከግማሹ ሰምቷል፤ የሰሙትም ሁሉ ዞረው ዞረው ከጭቃ ሹሙ ከይሁኔ ዘንድ ደረሱ።

«አንተስ ይሁኔ?»

«እኔማ ከቄስ ገብረ ሕይወት ነው የሰማሁት። እሳቸው ደግሞ አይዋሹም።»

«አባ ስለ ጾምና ስለ ጸሎት ሲናገሩ አምናቸዋለሁ። ሐሙስ ማታ ግን ምንጩ ዘንድ ነበሩ?»

ቄሱ ሽበታቸውን ዳሰሱ። «ቤቴ ነበርኩ ልጄ። እኔ ‹ነጋዴው ሳይሆን አይቀርም› አልኩ እንጂ ነው አላልኩም። ይህንንም ያልኩት ወርቅአገኘሁ ‹ነጋዴው በዚያ አልፎ ነበር› ስላለኝ ነው።»

ወርቅአገኘሁ ከኋላ ተነሣ። ረጅም፣ ትከሻው የጎበጠ ገበሬ ነው። ሐዘኑ ከሁሉ ይበልጥ ይታይበት ነበር፤ ጢሙን አላበጠረም፣ ከቀብር ወዲህም ትንፍሽ አላለም።

«ዓብዱ ገዳይ መሆኑን ከማን ሰማህ?»

«ከይሁኔ።»

ይሁኔ ከቄሱ፣ ቄሱ ከወርቅአገኘሁ፣ ወርቅአገኘሁ ተመልሶ ከይሁኔ። ወሬው ጅራቱን እንደሚያሳድድ ውሻ ይዞራል እንጂ መነሻ የለውም። አንዱ ‹አልፎ ነበር› አለ፣ ሁለተኛው ‹ሳይሆን አይቀርም› አደረገው፣ ሦስተኛው ‹እሱ ነው› ብሎ አወጀ፣ የቀረው መንደር ምሎ ተቀበለ።

«ባሻ!» አለ ኃይለ ገብርኤል የሚባል ሽማግሌ፣ ከተቀመጠበት ሳይነሣ። «በነገር ምን ያዞሩናል? እሱ ካልሆነ እኮ ከእኛ አንዱ ነው።»

ማንም ቀና አላለም። ሠላሳ ሰው ለምን በአንድ አፍ እንደማለ ባሻ ያን ጊዜ ገባው። ለእነሱ ምርጫው ሁለት ብቻ ነበር፣ ባዕዱ ወይም ጎረቤታቸው። ከብቱ አልቆበት ለቀረ ሰው፣ ጎረቤቱን ማጣት ከአቅሙ በላይ ነው። አህያውን ፈርተው ዳውላውን ይመታሉ።

«ወርቅአገኘሁ» አለ ባሻ፣ «ሐሙስ አብራችሁ ስታርሱ ውላችኋል። መጨረሻ ያየኸው አንተ ነህ።»

«ፀሐይ ሳትጠልቅ ፈትተን ተለያየን። እሱ ቦራን ይዞ ውሃ ሊያጠጣ ወረደ፣ እኔ ዳልቻን ይዤ ወደ ቤቴ። ከዚያ በኋላ አላየሁትም።»

«እሱን እንኳ ይተዉት ባሻ!» አለ ይሁኔ ፈጠን ብሎ። «መቀናጆውን የሚገድል ማን አለ? ቦራ ከጠፋ የእሱ በሬ ብቻውን ምን ያርሳል? ግማሽ ቀንበር ታቅፎ ነው የቀረው።»

ሸንጎው በሙሉ ራሱን ነቀነቀ። ባሻም ነቀነቀ። ቀኑን ሙሉ ከሰማው ሁሉ በደንብ የተጋጠመው ይህ ነበር፤ ማንም ሰው የገዛ ቀንበሩን አይሰብርም።

---

ባሻ አውጫጭኙን በትኖ ብቻውን ቀረ። እንዲህ ዓይነት ድካም ያውቃል፤ እንቅልፍ የማያወጣው ድካም ነው። ሠላሳ ሰው ምሏል፣ ሹሙ ይጠብቃል፣ ነጋዴው ደግሞ ለባሻ ምኑም አይደለም። ይዞት ቢሄድ የሚወቅሰው የለም። ረቡዕ ዓብዱን ለደምመላሽ ያስረክቡታል፣ ደምመላሽም ይገድለዋል፣ እሱም አንኮበር ተመልሶ የማይጣፍጠውን እራቱን ይበላል። ‹ሰው ሁሉ ካለ ይሁን› አለ በልቡ። እንዲህ ሲያስብ ሊሰማው የሚገባውን ነገር ፈለገና አጣው። ያኔ ትንሽ ፈራ።

ተነሥቶ ወደ ሟቹ ቤት ሄደ። ዘርፈሽዋል ከማድቤቱ ደፍ ላይ ተቀምጣለች፤ ዓይኗ ደረቅ ነው። ከጎኗ የመንደሩ አልቃሽ በሰለች ባቄላ ትፈለፍላለች።

«እመት ዘርፈሽዋል፣ ሐሙስ ማታ ባልሽ ሳይገባ ሲቀር አልፈለግሽውም?»

«እርሻው ሩቅ ሲሆን ወርቅአገኘሁ ቤት ያድር ነበር። እዚያ አድሯል ብዬ ተኛሁ። ተኛሁ ባሻ። እንቅልፍም ወሰደኝ።»

ባሻ ከጎናቸው ካለ ድንጋይ ላይ ተቀመጠ።

«በቀብሩም አላለቀሰችም» አለች በሰለች በቀስታ። «ማን አለቀሰ? የሰው ሆድ ደንዝዟል። ስንት ቀብር አሟሙቄያለሁ፣ እንደዚህ ያለ አላየሁም። ያንን የመሰለ ግጥም አወጣሁላቸው፣ አንድ ሰው እንኳ ደረቱን አልመታም።»

«ምን ብለሽ ነበር?»

በሰለች ባቄላውን አስቀመጠችና ዜማውን ዝቅ አድርጋ አወረደችው፦

«የሰው እንባ ቢደርቅ ከብቱ ሲያልቅበት፣
በሬው አለቀሰ ጌታው ቢሞትበት።»

«ጥሩ ነው» አለ ባሻ። ለመሄድ ተነሣ። ደጁ ላይ ደርሶ ቆመ። «በሰለች፣ ጌታው በሞተበት ማታ በሬው ከጠፋ፣ ሲያለቅስ ማን አየው?»

«እ?»

«ግጥሙን ከየት አመጣሽው?»

«የእኛ ሥራ እንዲህ አይደል፤ ከልቅሶ በፊት ለዘመድ ለወዳጁ እየሄድኩ ‹ስለ ሟቹ አንድ ነገር ስጠኝ› እላለሁ። አንዱ ጀግንነቱን ይሰጠኛል፣ አንዱ ደግነቱን፤ ከዚያ እገጥማለሁ። ወርቅአገኘሁን ስጠይቀው ‹የበሬው እንባ ይወርድ ነበር› አለኝ።»

«ጌታው ስለሞተ ነው ያለቀሰው አለሽ?»

«እሱማ ‹ይወርድ ነበር› ብቻ ነው ያለኝ። ስለ ሞተ ያልኩት እኔ ነኝ። እንዲያ ካልሆነ ምኑ ግጥም ይሆናል?»

ባሻ ተመልሶ ደፉ ላይ ተቀመጠ። እሱም የሚያለቅሱ በሬዎች አይቷል። ደብረ ብርሃን ላይ መጀመሪያ ዓይናቸው ነበር የረጠበው፤ በማግሥቱ ለሀጫቸው ወረደ፣ ከዚያ በኋላ መነሣት አቃታቸው። መንደሩም ሁሉ ይህን በየበረቱ አይቷል። ነገር ግን የሰው ሞት ተከትሎ በግጥም ሲመጣላቸው፣ በሬው ለጌታው አዘነ ብለው ተቀበሉት። ለማዘን የሚበቃ ሆድ የቀረው ፍጡር አንድ እንኳ በመገኘቱ ደስ ሳይላቸው አልቀረም።

«ዘርፈሽዋል» አለ፣ «የቦራን ሬሳ ብታዪው ትለዪዋለሽ?»

«የግራ ቀንዱን ባሌ ነው በመጋዝ የቆረጠው፤ ወደ ዓይኑ ዞሮበት።» ቀና ብላ አየችው። «ሬሳውን አሉ?»

---

ሰኞ ማለዳ ባሻ፣ ይሁኔና ዘርፈሽዋል ከምንጩ ተነሥተው የገደሉን ጫፍ ጫፍ ተከትለው ሄዱ። መንደሩ የሞተ ከብቱን የሚጥልበት ቦታ ነው። አሞራው ከጠገበ ሰንብቷል፤ ሰው ሲጠጋ እንኳ አይነሣም። ከታች አጥንትና ቆዳ ተደራርቧል፤ አንድ ሬሳ የተጨመረ እንደሆነ ማንም ልብ አይልም። በሬን የሚደብቅ ሰው ከዚህ የተሻለ ቦታ አያገኝም።

ይሁኔ አፍንጫውን በጋቢው ሸፍኖ፣ የዛፍ ሥር እየያዘ ተንጠላጥሎ ወረደ። ብዙ ቆይቶ ጮኸ።

«ግራ ቀንዱ የተቆረጠ አለ! ቦራ ነው! ለሀጩ አፉ ላይ ደርቋል፣ ባሻ!»

ዘርፈሽዋል ጫፉ ላይ ቁጢጥ አለች። «ታሟል ለካ» አለች። «ታሞበት ነበር። ባሌ ደግሞ መሐላ አያፈርስም።»

ይሁኔ ሲወጣ ፊቱ አመድ መስሏል። ባሻ እስኪያርፍ ጠበቀው።

«‹መቀናጆውን የሚገድል ማን አለ› ብለኸኝ ነበር» አለው። «ነገርህ ልክ ነበር፤ እኔም አምኜህ ነበር። ግን ‹ቦራ ደህና ከሆነ› የምትል ቃል ከሥሩ ተቀብራለች። እሷን ማናችንም አልጠየቅናትም። ቦራ ከታመመ በመሐላችሁ ዳልቻም ገደል ይገባል። የኃይለሚካኤል ዝም ማለትና መናገር ለአንድ ሰው የሞት ሽረት ነበር።»

«ወርቅአገኘሁ የልጄ ክርስትና አባት ነው፣ ባሻ።»

«ስለ ሰውየው ነገርከኝ» አለ ባሻ። «ስለ ሐሙስ ማታ ግን ምንም አልነገርከኝም።»

---

ወርቅአገኘሁን ያገኙት ቤቱ ውስጥ ነው፤ ዳልቻን ከቤቱ አስገብቶ ከጎኑ ተቀምጦ ጭድ በእጁ ያበላዋል። ደምመላሽና ዓብዱም ከነሰንሰለታቸው ተከትለው መጥተው ደጁ ላይ ቆሙ። ወርቅአገኘሁ ለእንግዶቹ አልተነሣም።

«የቦራ እንባ ሲወርድ መቼ አየኸው?» አለ ባሻ።

«ጠዋት...» አለ።

«ጠዋት በሬው አልነበረም።»

«ማታ ይሆናላ እንግዲህ።»

«ማታ ስትለያዩ ጌታው በሕይወት ነበር ብለሃል። ታዲያ በሬው ያለቀሰው ለማን ነው?»

ወርቅአገኘሁ ጭዱን አስቀመጠ። እጁን በጉልበቱ ላይ ጠረገ። የሚዋሽ ሰው ፊት አልነበረውም፤ የሚያርፍ ሰው ፊት ነበረው።

«ምንጩ ላይ ነው ያየነው» አለ። «እሱ ነው ቀድሞ ያየው። ‹ታሟል› አለኝ። ‹ነገ ለይሁኔ እነግራለሁ፤ ዳልቻም አብሮ ይሄዳል፣ ይቅር በለኝ› አለኝ። እግሩ ላይ ወደቅሁ። ‹የአንተ ይሙት፣ የእኔን ተውልኝ፤ ከቀንበሩ ላይ እለየዋለሁ፣ ማን ያያል?› አልኩት። ‹ሚካኤል ያያል› አለኝ። ዞሮ ጎንበስ ብሎ ውሃ ሊጠጣ... ድንጋዩን ያነሣሁት ለእሱ ነው ብዬ አላሰብኩም። ልጆቼን ነበር የማስበው። ከዚያ ቦራን ነዳሁት። እየነዳሁት ያለቅስ ነበር። እኔ አላለቀስኩም።»

«ዓብዱንስ?» አለ ደምመላሽ ከደጅ። ድምፁ እንደ ልጅ ድምፅ ቀጠነ። «ዓብዱን ለምን?»

«ገደለ አላልኩም። ‹አልፎ ነበር› ነው ያልኩት፤ እውነትም አልፎ ነበር። የቀረውን እናንተ ጨረሳችሁት።»

«አንተስ እስክንጨርሰው ምን ትል ነበር?»

«ዝም አልኩ።»

ደምመላሽ ወደ ወገቡ ጩቤ እጁን ሰደደ። ሰንሰለቱ የዓብዱን እጅ አብሮ ጎተተው፤ ዓብዱ ግን አልተጎተተለትም፣ ተረከዙን መሬት ላይ ተክሎ ቆመ። «በቤቱ፣ በልጆቹ ፊት አታድርገው» አለው። ከጓዳው ልጆች ሲንሾካሾኩ ይሰማ ነበር። ደምመላሽ እጁን አወረደ።

ባሻ ሰንሰለቱን ከዓብዱ አንጓ ፈታ። ቆዳው ተልጦ ነበር። ያንኑ ቀለበት፣ ገና የዓብዱ ሙቀት ሳይለቀው፣ በወርቅአገኘሁ እጅ ላይ ቆለፈው። ደምመላሽ ጎን ለጎን ከወንድሙ መቀናጆ ጋር ቆመ፤ የሚያስገርመው ከዓብዱ ጋር ሳለ ይበልጥ ይቀለው የነበረ መምሰሉ ነው። ውጭ የተሰበሰቡት ሰዎች ዳልቻን እያዩ ይከራከሩ ጀመር። አንዱ «መሐላ መሐላ ነው፣ ገደል ይግባ» አለ፤ ሌላው «እስካሁን ካልታመመ አይታመምም» አለ፤ ይህንንም የሚያውቅ ሰው ነግሮኛል ብሎ ማለ። በሬው ጭዱን ያላምጣል።

ይሁኔ ግን ወደ ዓብዱ ተጠግቶ፣ መሬት መሬት እያየ «በድለንሃል» አለው። ዓብዱ የተላጠ አንጓውን ያሻል። «በቅሎዬን ስጡኝ» አለ ብቻ።

በቅሎውን ሲያመጡለት አንዲት ሴት ዳገቱን ጨርሳ ወደ መንደሩ ገባች። ኡሙሀኒ ነበረች፣ ሚስቱ። ሌሊቱን ሁሉ ስትወጣ ያደረች መሆኗ ከልብሷ አቧራ ይታወቃል። በብብቷ ለመከፈኛ የሚሆን የተጣጠፈ አዲስ ነጭ አቡጀዴ ይዛለች። መንገድ ላይ የቆሙትን ሰዎች ቀና ብላ ሳታይ «ሬሳውን ስጡኝ» አለቻቸው። «ሌላ ነገር አልጠይቅም። በወጉ ልቅበረው።»

ዓብዱ የበቅሎውን ልጓም ለቀቀ።

«ኡሙሀኒ።»

ዞረች። አየችው። እሪ አላለችም፣ አልሮጠችም። ከራሱ እስከ እግሩ አንድ ጊዜ አየችው፤ የመጣችለት ሰው ይህ ይሁን አይሁን እንደምትመረምር ነበር።

«ማን ነው ሞቷል ያለሽ?»

«ሰው ሁሉ» አለች። «ገበያው በሙሉ። ቅዳሜ ገደሉት አሉኝ። አይቻለሁ ያለም ነበር።» ጨርቁን አጥብቃ ያዘችው። «አልቅሼ ጨርሻለሁ፣ ዓብዱ። ልጆችህን አስለቅሼ፣ ሰዎች ለተዝያ መጥተው አጽናንተውኝ ነው የወጣሁት። አሁን ምን ልሁን? ምንም አልመጣ አለኝ።»

«ምንም አትሁኚ» አላት። አቡጀዴውን ከብብቷ ወስዶ በትከሻው ላይ ጣል አደረገው፤ ነጭነቱ ከአቧራማው ቀሚሱ ላይ ጎላ። «ቤት ስንገባ ይመጣል፣ ኢንሻአላህ። ነይ።»

ባሻ ወልደተንሣኤ ገደሉ አፋፍ ላይ ቆሞ ሲወርዱ አያቸው። ብርሃነሽ ትዝ አለችው፤ ከሞተች ወዲህ ለመጀመሪያ ጊዜ ስሟን በአፉ ጠራው። ዓብዱ በቅሎውን እየሳበ ከፊት ይሄዳል። ኡሙሀኒ ከኋላው ናት፤ በየመታጠፊያው እጇን ዘርግታ ጀርባውን ትነካና ትመልሳለች፣ ጥቂት ሄዳ ደግሞ ትነካዋለች።